የምታንጎራጉረው ዜማ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «የአጭር ፊልም ስክሪፕት እየጨረስኩ ነው። ዋናዋ ገጸ ባህሪ ቤሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ አሁን አዲስ አበባ መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ናት። ዝምተኛ ናት። የምትናገረው ሁሉ ቢደመር ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ማጀቢያውን የሚሠራልኝ ልጅ ‹ትዝታ እንልቀቅበት፣ ሰው ያለቅሳል› ይለኛል። እኔ ደግሞ ሙዚቃው ማን እንደሆነችና ምን እንደምትፈልግ እንዲናገርልኝ ነው የምፈልገው። ሙዚቃ ይህን ይችላል? እንዴት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ይችላል። እንዲያውም ዝምተኛ ገጸ ባህሪ ለሙዚቃ የተመቸች ናት። ብዙ የምታወራ ቢሆን ኖሮ ሙዚቃው ቦታ አያገኝም ነበር። ግን ትዝታውን ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ነገር ላይ ብትስማሙ ደስ ይለኛል።

እኔ ማጀቢያ ሙዚቃ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወጣት ዳይሬክተሮች ሲመጡ መጀመሪያ የሚሉኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው። «እዚህ ጋ አዝናለች፣ የሚያሳዝን ነገር ስጠን።» እሰጣለሁ። ከዚያ ከምስሉ ጋር ስናየው ይከብዳል። ተዋናይዋ እንባዋን ለመያዝ ትታገላለች፤ ሙዚቃው ቀድሟት ያለቅሳል። ተመልካቹ የሚሠራው ነገር አይተርፈውም። ጨው የበዛበት ወጥ ላይ ጨው መጨመር ነው።

ማዘኗን ከፊቷ እናየዋለን። ከፊቷ የማናየው ምን እንደምትፈልግ ነው። እሱ ሆዷ ውስጥ ነው ያለው። ሙዚቃ ከካሜራው በላይ የሚሠራው እዚያ ነው። ስለዚህ ልጁን «ምን ይሰማታል?» ብለሽ አትጠይቂው። «ምን አምሯታል? ምን ከልክላለች? ለማንስ አልተናገረችም?» ብለሽ ጠይቂው።

ይህ ከውጭ የመጣ ዘዴ እንዳይመስልሽ። የወፍጮ እንጉርጉሮን አስቢ። ምራት አማቷ ፊት አፏን አትከፍትም። ሌሊት ተነስታ መጁን እየገፋች ግን ታንጎራጉራለች። ባሏ እንደራቃት፣ የናቷ ቤት እንደናፈቃት፣ ያልተሰጣት ነገር እንዳለ በዜማ ትናገራለች። አማት ከመደቡ ላይ ተኝታ ትሰማለች። ባልም ይሰማል። ማንም ግን «ምን አልሽ?» ብሎ ሊይዛት አይችልም፤ ዘፈን ነዋ። በቃል የማይባለው በዜማ ይባላል፣ ተናጋሪዋም ከተጠያቂነት ታመልጣለች። የፊልም ሙዚቃ ሲሳካለት የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ሙዚቃው የማን ነው? ገጸ ባህሪዋ ራሷ የምትሰማው ነው ወይስ ለእኛ ብቻ የሚሰማ? ሬዲዮ ከፍታ፣ ካሴት አስገብታ፣ ወይም ራሷ አንጎራጉራ ከሆነ ምርጫዋ ነው። ምርጫ ደግሞ ሰውን ያጋልጣል። እሷ የማትሰማው፣ ከላይ የምንጨምረው ማጀቢያ ከሆነ ግን የምትደብቀውን ለእኛ በሹክሹክታ እንነግራለን ማለት ነው። ሁለቱ የተለያየ ሥራ አላቸው። ብዙ ፊልም ላይ ተደባልቀው ሁለቱም ይባክናሉ።

በምሳሌ ላስረዳሽ። መጀመሪያ በጣም ቀላሉን፣ አንድ ፉጨት ብቻ ያለበትን።

ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ በ1931 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ጀርመን ውስጥ «ኤም» የሚል ፊልም ሠራ። ድምፅ ያለው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ሕፃናትን የሚገድል ሰው ከተማውን ያሸብራል። ማጀቢያ ሙዚቃ የሚባል ነገር የለበትም። ያለው የገዳዩ ፉጨት ነው። የኖርዌዩን የኤድቫርድ ግሪግን «በተራራው ንጉሥ አዳራሽ» የተባለ ዜማ ያፏጫል። ይህ ዜማ በዝግታ ይጀምርና ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ፣ እየፈጠነ፣ እየጮኸ ይሄዳል። ማቆሚያ የሌለው ነገር ነው። የሰውየውም ፍላጎት እንደዚያ ነው።

ፊቱን በደንብ ሳናየው ፉጨቱን እናውቀዋለን። አንድ ቦታ ላይ የሱቅ መስታወት ፊት ቆሞ ዕቃ ያያል። መስታወቱ ውስጥ የአንዲት ልጅ መልክ ይመጣል። ፊቱ ይለወጣል። ይከተላታል፤ ፉጨቱም ይመጣል። ልጅቷ እናቷን ስታገኝ ፉጨቱ ይቋረጣል። አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኛ ግን ውስጡ ምን እንደተነሳና ምን እንደተቋረጠ ሰማን። ዜማውን አስቦ የመረጠው አይመስልም። ፉጨቱ ነው እሱን የሚነዳው።

በመጨረሻ ማን እንደሚለየው ታውቂያለሽ? ፊኛ የሚሸጥ ዓይነ ስውር። ከሟቾቹ ለአንዷ ፊኛ ሲገዛላት ያፏጭ የነበረውን ዜማ ያስታውሳል። እንደገና ሲሰማው ያውቀዋል። ፖሊስ በአሻራና በካርታ ያጣውን ሰው ጆሮ አገኘው። ዜማ የሰውን ማንነት ይናገራል ስንል እዚህ ፊልም ላይ ቃል በቃል ነው። ይህን የዓይነ ስውሩን ነገር ያዢልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

«ካዛብላንካ» ላይ ደግሞ የተከለከለ ዘፈን አለ። በ1942 የወጣ ፊልም ነው። ሪክ የሚባለው ሰው የምሽት ቤት አለው። ፒያኖ ተጫዋቹን ሳምን አንድ ዘፈን እንዳይነካ ከልክሎታል። ፓሪስ ውስጥ ከወደዳት ሴት ጋር የሰሙት ዘፈን ነው። አንድ ምሽት ሴትየዋ ትመጣና ሳምን ተጫወትልኝ ትለዋለች። ሪክ ዘፈኑን ሲሰማ ተቆጥቶ ይመጣል፤ ከዚያ እሷን ያያታል። ስለ ፍቅራቸው ገና ምንም አልተነገረንም። ግን ሰው የማይፈልገውን ዘፈን እንደዚህ አይከለክልም። ክልከላው ራሱ ፍላጎት ነው። ሌሊት ብቻውን ጠርሙስ ይዞ ሲቀመጥ ያንኑ ዘፈን ራሱ ያዛል።

እዚያው ፊልም ላይ እኔ የበለጠ የምወደው ሌላ ትዕይንት አለ። የጀርመን መኮንኖች ቤቱ ውስጥ የአገር ፍቅር ዘፈናቸውን ይዘፍናሉ። ከናዚዎች ያመለጠው የተቃውሞ መሪ ላዝሎ ወደ ባንዱ ሄዶ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር ተጫወቱ ይላል። ተጫዋቾቹ ግን ወደ ሪክ ያያሉ፤ ቤቱ የሱ ነው። ሪክ እስከዚያ ሰዓት ድረስ «እኔ በማንም ጉዳይ አልገባም» ሲል የቆየ ሰው ነው። አሁን ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። በቃ። መዝሙሩ ቤቱን ይሞላዋል። ያ ነቅነቅታ ከአንድ ገጽ ንግግር የበለጠ ስለ ሪክ ነገረን። ሙዚቃውን የፈጠረው ሌላ ነው፣ የመራው ሌላ ነው፣ የዘፈነው ሕዝቡ ነው። የፈቀደው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሙዚቃ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለጥያቄሽ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የሚል ፊልም አወጣ። በዚያው ዓመት በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ግራንድ ፕሪ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ቢል መሪ ዶን የሚባል ሰው ሆኖ ይጫወታል። ዶን በጉብዝናው ዘመን ሴት አውል ነበር። አሁን ገንዘብ አለው፣ ሶፋ አለው፣ ቱታ ለብሶ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። አብራው የነበረችው ሴት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ እንኳ ብዙም አይንቀሳቀስም። ያን ቀን ሮዝ ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ ስም የሌለው ደብዳቤ ይደርሰዋል። ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ልጅ አለህ ይላል።

ጎረቤቱ ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው። አምስት ልጆች አሉት። ሦስት ቦታ ይሠራል። ሲመቸው ደግሞ መርማሪ መሆን ያምረዋል። የዶንን ጉዳይ የራሱ ያደርገዋል። የድሮ ሴቶችህን ዝርዝር ስጠኝ ይላል፤ ጉዞውን ያዘጋጃል፤ ካርታውን ያትማል። ከዚያ አንድ ሲዲ ይሰጠዋል። ሲዲው ላይ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው።

ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ ይወድ ነበር፤ ፊልም ውስጥ የሚያስገባበት መንገድ ሲፈልግ ጎረቤቱን ኢትዮጵያዊ አደረገው። እስቲ ይህን አስቢው። ሙዚቃው ለገጸ ባህሪው አልተሠራም፤ ገጸ ባህሪው ነው ከሙዚቃው የተወለደው። ዊንስተን የሚለው ስም የኛን አይመስልም። ተዋናዩ ጄፍሪ ራይትም አሜሪካዊ ነው። አንድም ቦታ ላይ የአገር ልብስ አልብሰው አላቆሙትም። አበሻ መሆኑን የሚያሳምነን ሲዲው ነው። ሲዲውን የሰጠበት መንገድ ደግሞ የበለጠ ያሳምናል። ዋሽንግተን ውስጥ የአበሻ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን ያውቃል። ሙዚቃ ሲሰጥሽ እንካችሁ ብሎ አይደለም፤ እንደ ጉርሻ ነው። እምቢ ብትዪ ያስቀይማል። ዊንስተን ለጎረቤቱ ያደረገው ይህንን ነው።

ዶን ተከራይቶ የሚነዳው መኪና ውስጥ ሲዲውን ያስገባል። ተዋናዩን ቢል መሪን ተመልከቺው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ሙዚቃው ግን ይራመዳል። ቤዙ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሳክስፎኑ ይጠይቃል፣ ኪቦርዱ ይመልሳል። ሰውየው በድን ነው፤ መኪናውን የሚያስኬደው ሙዚቃው ይመስላል። ፍላጎቱ የራሱ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ነው ያበደረው። እየነዳ ሲሄድ ግን ቀስ በቀስ የራሱ ይሆናል። ይህን የሚነግረን አንድም የንግግር መስመር የለም።

አሁን ደግሞ አማርኛ የምናውቅ ሰዎች ብቻ የምናገኘውን ልጨምርልሽ። እዚያ ፊልም ላይ ከገቡት አንዱ «የከርሞ ሰው» ነው። ሌላው «የግሌ ትዝታ» ነው። የድሮ ፍቅረኞቹን አራት ቤት እያንኳኳ ለሚዞር ሰው ከ«የግሌ ትዝታ» የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል? ማስታወሱን ሳይወድ፣ በሌላ ሰው ዕቅድ የጀመረው ነው፤ አሁን ግን የግሉ ሆኗል።

«የከርሞ ሰው» ደግሞ የበዓል ምርቃት ነው። እናቶቻችን ቡናውን አፍልተው፣ ድፎውን ቆርሰው፣ «የከርሞ ሰው ይበለን» ይላሉ። ለከርሞ አድርሰን፣ በሕይወት አቆየን ማለት ነው። ዶን የዘንድሮ ሰው እንኳ መሆን ያቃተው ነው። ዛሬውን ሶፋ ላይ ያሳልፋል። ልጅ ደግሞ ከርሞ ማለት ነው፤ ካንተ በኋላ የሚቀጥል ሰው ነው። ደብዳቤው ይህን ነው ያቀረበለት። ሙዚቃው ስሙን የማያውቀውን ምርቃት መኪናው ውስጥ እየመረቀው ይሄዳል። ይህ የኔ ንባብ ነው። ዳይሬክተሩ አስቦት ይሁን ሳያስበው ለኔ ለውጥ የለውም፤ ዜማውና ሰውየው ተገናኝተዋል።

እነዚህ ዜማዎች «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሲዲ ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ላይ የወጡ ናቸው። ቅጹ የታተመው በ1998 ነው፤ ቀረጻዎቹ ግን ከ1969 እስከ 1974 ያሉት ናቸው። ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደ ድምፅ፣ ከ30 ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያላገኘውን ልጁን ሲፈልግ አብሮት ተጓዘ። ዜማው ራሱ ስደተኛ ነው። የገጸ ባህሪሽን ቤሩት አስቢ።

ከሷ ጋር የሚመሳሰል ዝምታ ያለው ሌላ ፊልም የጄን ካምፒየን «ዘ ፒያኖ» ነው። በ1993 ካን ላይ ዋናውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን አግኝቷል። አዳ የምትባል ስኮትላንዳዊት ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አትናገርም። አባቷ ኒውዚላንድ ላለ ሰው ይድራታል። ፒያኖዋ የባሕር ዳርቻው ላይ ይቀራል፤ ባሏ የሚሸከመው ሰው የለም ብሎ ትቶት ይሄዳል። ከዚያም ፒያኖውን ለጎረቤት በመሬት ይለውጠዋል። ሚስቱን አይደለም የለወጠው፤ ዕቃ ነው የለወጠው። እንደዚያ ነው ያሰበው።

አንድ ትዕይንት አለ። አዳ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርዝ በቢላ ቀርጻ የፒያኖ ቁልፎች አበጅታለች። ጣቶቿን እንጨቱ ላይ ታሯሩጣለች። ልጇ ትዘፍናለች። የፒያኖ ድምፅ የለም፣ እንጨት ብቻ ነው። ባሏ ያያትና ምን ነክቷት ነው ብሎ ይጨነቃል። ያቺ ሴት ማን ናት ብትዪኝ ያንን ጠረጴዛ ነው የማሳይሽ።

ሙዚቃውን የጻፈው ማይክል ናይማን ነው። አስቸጋሪ ሥራ ነበር፤ ምክንያቱም አዳ የምትጫወተውን ነገር አዳ ራሷ እንደፈጠረችው አድርጎ መጻፍ ነበረበት። ስለዚህ የስኮትላንድ የሕዝብ ዜማዎችን መነሻ አደረገ፤ የመጣችበት አገር ዜማ ነው ጣቷ ላይ ያለው። ሆሊ ሀንተር ደግሞ ፒያኖውን ራሷ ተጫውታዋለች። ጎረቤቷ ቤንስ ፒያኖውን ሲመልስላት ቁልፍ በቁልፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ስትመጣ አንድ ቁልፍ። እሷ ተከራክራ በጥቁሮቹ ቁጥር ታደርገዋለች፤ ከነጮቹ ስለሚያንሱ። ሰው ድምፁን በችርቻሮ ሲገዛ አየን። ያ ሰው ተቀምጦ ሲያዳምጣት፣ የሰማት የመጀመሪያው ሰው እሱ እንደሆነ እንረዳለን። ፍቅሩ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤ ከመደመጥ።

አንዲት ሌላ ሴት ደግሞ ፐርሙዝ ይዛ ደረጃ ትወርዳለች። የዎንግ ካር ዋይ «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ነው፤ በ2000 የወጣ፣ ታሪኩ በ1962 ሆንግ ኮንግ የሚጀምር። ሁለት ጎረቤታሞች የትዳር ጓደኞቻቸው እርስ በርስ በድብቅ እንደተያያዙ ይደርሱበታል። እነሱም ይፈላለጋሉ፤ ግን «እንደነሱ አንሆንም» ይላሉ። ሴትየዋ ማታ ማታ ኑድል ለመግዛት ትወርዳለች። ሰውየው ጠባቧ ደረጃ ላይ ያልፋታል። ምስሉ ቀስ ይላል፣ ሙዚቃው ይገባል። የሺገሩ ኡሜባያሺ ዋልዝ ነው። ክሮቹ በጣት እየተነኩ አንድ ሁለት ሦስት ይቆጥራሉ፤ ከላይ ቫዮሊኑ ይጎተታል።

ዋልዝ የጥንድ ጭፈራ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን አይጨፍሩም። ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋሉ። ሙዚቃው ያላደረጉትን እያደረገ ነው። እነሱ አይሰሙትም፤ እኛ ብቻ ነን የምንሰማው። መጀመሪያ ላይ ከላይ የምንጨምረው ማጀቢያ የተደበቀውን ይናገራል ያልኩሽ ይህን ነው። የሚገርመው ያ ዋልዝ ለዚህ ፊልም የተጻፈ አይደለም፤ ለጃፓናዊው ሴይጁን ሱዙኪ የ1991 ፊልም የተሠራ ነው። ተስማሚ ዜማ የሌላ ሰው ቤትም ሊገኝ ይችላል።

ከሥራዬም አንድ ልንገርሽ። የሚኒባስ ሹፌር ስለሆነ አባት በተሠራ ፊልም ላይ ሠርቼ ነበር። ሴት ልጁ ተጣልታው ቤት ለቃ ወጥታለች። በየቀኑ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ያልፋል። ዳይሬክተሩ እዚያ ጋ ማሲንቆ ፈለገ። ሦስት ዓይነት ሠራሁ። ሦስቱም ሰውየውን አሳነሱት፤ ምስኪን አደረጉት። እሱ ደግሞ ምስኪን አይደለም፣ ኩሩ ነው። ሦስት ቀን ከተቸገርን በኋላ የድምፅ ባለሙያው አንድ ነገር አስተዋለ። የታክሲው ሬዲዮ ፊልሙን ሙሉ ክፍት ነው፤ ስፖርት ነው የሚያወራው። በሩ ጋ ሲደርስ ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን ቀነስ ቢያደርገውስ አለ። ሞከርነው። መጀመሪያ ጊዜ ማንም አያስተውለውም። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ግር ይላል። ሦስተኛው ላይ ሰውየው ድምፅዋን እየፈለገ እንደሆነ ይገባሻል። በእረፍት ሰዓት ከሚጮኹት ልጆች መሃል የሷን ለመለየት ነው። ማሲንቆው ወጣ። ፊልሙ ላይ የሠራሁት ምርጥ ሥራ ያ የወጣው ማሲንቆ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሴትዮሽ።

ትዝታን አልቃወምም። ትዝታ ቅኝትም ነው፣ ዘፈንም ነው፣ የሰው ሕመምም ነው። ግን ልብ በይ፤ ትዝታ የሄደውን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ እመጣለሁ ብሎ የቀረውንም ነው። ማንን ነው የምትጠብቀው? ይህን መልስ ሳትይዙ ትዝታ ከተለቀቀ ተመልካቹ የሚያለቅሰው ለራሱ ትዝታ ነው፤ ለሷ አይደለም። የኛ ሰው ትዝታ ሲሰማ የራሱ ሰው ይመጣበታል። ሴትየዋ ከስክሪኑ ትጠፋለች።

እኔ ብሆን የምጀምረው ከቤሩት ወጥ ቤት ነው። ሊባኖስ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የአገራቸውን ዘፋኝ ፋይሩዝን ማዳመጥ ልማድ ነው። ከሬዲዮ፣ ከታክሲ፣ ከጎረቤት መስኮት ይሰማል። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት ዕቃ ስታጥብ የማዳምን ሬዲዮ ትሰማለች። መርጣው አይደለም። ዘፈኑ ግን ገብቶባታል። ከእጇ እንቅስቃሴ ጋር ተሰፍቷል። አሁን አዲስ አበባ ረከቦቷ ፊት ተቀምጣ ሲኒ ስታለቀልቅ፣ እጇ ውሃ ሲነካ፣ ያ ዜማ ሳታስበው ይወጣል። በአፏ ሳይሆን በአፍንጫዋ፣ ዝቅ ብሎ።

ይህ አንድ እንጉርጉሮ ስንት ነገር እንደተሸከመ እይው። ከሄደችበት የወጣች ይመስላል፤ አልወጣችም። ያንን ቤት ትጠላዋለች፣ ጠዋቱ ግን ይናፍቃታል። የማዳም ዘፈን የሷ ሆኗል። ይህን ሁሉ በንግግር ብታስገቢው ስብከት ይሆናል። እውነተኛውን የፋይሩዝ ቅጂ ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለአጭር ፊልም ከባድ ነው። ልጁ መቃም የሚባለውን የአረቦች ቅኝት የሚመስል የራሱን አጭር ሐረግ ይፍጠር፤ ሰባት ስምንት ኖታ ይበቃል። ተዋናይዋ ከቀረጻ በፊት ሁለት ሳምንት ቤቷ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉረው። ስቱዲዮ ውስጥ እንዳትቀርጹት። ከውሃው፣ ከሲኒው መጋጨት፣ ከመኪናው ድምፅ ጋር ቦታው ላይ ይያዝ።

ከዚያ አንድ ደንበኛ ያቋርጣት። አረብ አገር የነበረ ሰው ይሁን። «ይቺን ዘፈን አውቃታለሁ» ይበላት። እሷ ዝም ትበል። እስከዚያ ድረስ እያንጎራጎረች እንደሆነ አታውቅም ነበር። ከዚህ ቅጽበት በኋላ ምን እንደምትፈልግ አንቺ መወሰን አለብሽ፤ እኔ ልወስንልሽ አልችልም። መመለስ ከሆነ የምትፈልገው፣ በሚቀጥለው ትዕይንት ዜማውን አውቃ ታንጎራጉረው፣ ትንሽ ከፍ አድርጋ። መርሳት ከሆነ አጠገቧ ያለውን ሬዲዮ ትክፈተው፣ የመጣው ይምጣ፣ የሰርግ ዘፈንም ቢሆን። በሁለቱም መንገድ ከላይ ምንም ማጀቢያ አትጨምሩ። ልጁ ቅር ሊለው ይችላል። ስለ ማሲንቆዬ ንገሪው።

ስክሪፕትሽ ላይ ሣር የምትጎዘጉዝላት፣ ውሃ የምትቀዳላት ትንሽ ልጅ አለች? ከሌለች ጨምሪያት። ፊልሙን ሙሉ ከጀርባ ትሁን፣ አትናገር። በመጨረሻው ትዕይንት ሴትዮዋ ቡና እየቀዳች ነው። ከኋላዋ ውሃ ሲንቦራጨቅ ይሰማል። ልጅቷ ሲኒ እያጠበች ነው። ያንን ዜማ ታንጎራጉራለች፤ ከሷ ነው የሰማችው፣ የየት አገር እንደሆነ አታውቅም። ያ ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ዜማውን የሰማበትን ጆሮ ለሴትዮሽ ስጫት። ካሜራውን ፊቷ ላይ አታምጪው። እጇ ላይ ይቆይ፤ ጀበናው ዘንበል እንዳለ፣ ሲኒው ሞልቶ ሲፈስ።